ዝግመተ ለውጥና ሃይማኖት፦ በሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት በክፍል፣ በሰንበት ትምህርት ቤትና በቤት ውስጥ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው፤ «ዓ.ም.» ወይም «ዓመተ ዓለም» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዝግመተ ለውጥ ምን ማለት ነው?

የአንድ ዝርያ ባሕርይ ከትውልድ ወደ ትውልድ ቀስ እያለ ሲለወጥ ዝግመተ ለውጥ ይባላል። ይህ እንዲሆን ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው። አንደኛ፣ በዝርያው መካከል ልዩነት መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ በዘር የሚወረስ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ልዩነቱ ማን ብዙ ልጅ እንደሚተካ የሚወስን መሆን አለበት።

መንዝ ውስጥ ከአንድ የገብስ ማሳ የሚገባ ሰው ነጭም ጥቁርም፣ ባለ ሁለት ረድፍም ባለ ስድስት ረድፍም ዛላ ያያል። ውርጭ በመታ ዓመት ቅዝቃዜውን የቻለው ፍሬ ይይዛል፣ ያልቻለው ገለባ ሆኖ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ለዘር ከጎተራ የሚወጣው በአብዛኛው የቻለው ዘር ነው። እዚህ ላይ የትኛዋም የገብስ ተክል በዕድሜዋ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ማሳው ነው። ይህን ነጥብ የያዘ ሰው ግማሹን ክርክር አልፎታል። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ያስረዳው ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፦ ገበሬው ዘር ሲመርጥ የሚያደርገውን፣ ውርጭ፣ ረኀብና በሽታ ያለ መራጭ እጅ ያደርጉታል።

ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላል?

አይልም። ጥያቄው እንዲህ የተጣመመው በከፊል በቋንቋችን ምክንያት ነው። አማርኛ ለጭላዳ፣ ለጦጣና ለጉሬዛ ስም አለው፤ ቺምፓንዚና ጎሪላ ግን አገራችን ውስጥ ስለሌሉ የራሳቸው ስም የላቸውም። ስለዚህ በውጭ ቋንቋ በተለያየ ስም የሚጠሩት ሁለት ወገኖች ወደ አማርኛ ሲመለሱ አንድ ላይ «ዝንጀሮ» ተባሉ። ሰሚውም ጓሳ ላይ ሣር ሲነጭ የሚያየው ጭላዳ ቅድመ አያትህ ነው የተባለ መሰለው።

ሳይንሱ የሚናገረው የዘመድ ቆጠራ ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። የአጎት ልጅ አባት አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ አያት ይገናኛሉ እንጂ። በዚህ ቆጠራ ሰውና ቺምፓንዚ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሲኬድ በአንድ የጋራ ቅድመ አያት ይገናኛሉ። ከጭላዳ ጋር ለመገናኘት ግን ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት መሄድ ያስፈልጋል። ያ የጋራ ቅድመ አያት ዛሬ ካሉት ከአንዳቸውም ጋር አንድ አይደለም፣ ጠፍቷል።

ለዚህ የሚቀርበው ማስረጃ መልክ መመሳሰል ብቻ አይደለም። ቺምፓንዚ 48 ክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ የዘር ውርስን የሚሸከም ክር) አለው፣ ሰው 46። በሰው ሁለተኛ ክሮሞዞም መካከል ላይ የክሮሞዞም ጫፍ ምልክት ይገኛል፤ ሁለት ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀው አንድ መሆናቸውን የሚያሳይ ነው። ሌላም አለ። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ቫይታሚን ሲን በራሳቸው አካል ይሠራሉ። ሰው፣ ቺምፓንዚና ጭላዳ ግን አይችሉም፤ የሚሠራው ዘረ መል (የውርስ መመሪያ) በሁሉም ውስጥ ተበላሽቶ ተቀምጧል። የተበላሸ ነገር በጋራ መውረስ ደኅናውን ከመውረስ ይልቅ ዝምድናን አጥብቆ ይመሰክራል።

ታዲያ ጭላዳ ለምን እስከ ዛሬ ሰው አልሆነም?

ዝግመተ ለውጥ ወደ ሰው የሚወስድ መሰላል ስላልሆነ ነው። ጭላዳ በራሱ መንገድ ተለውጧል፦ አውራ ጣቱና አመልካች ጣቱ ሣርን አንድ በአንድ ለመንቀል፣ ረጃጅም ጥርሶቹም ሻካራ ሣር ለመፍጨት የተመቹ ናቸው። የወገኑ አባላት በአንድ ወቅት ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና ሕንድ ድረስ ተሰራጭተው እንደነበር ቅሪተ አካላቸው ያሳያል። ዛሬ በሕይወት የቀረው የኢትዮጵያው ጭላዳ ብቻ ነው። ጓሳን ቄሮ በሚባለው በጥንቱ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ጠብቀው ያቆዩት የመንዝ ሰዎች ከዓለም የጠፋ ወገን የመጨረሻ ቅርንጫፍ አብረው አቆይተዋል፤ ይህ በሚገባው መጠን አይነገርም።

ንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም እንዴ?

በዕለት ተዕለት ንግግር «ሐሳብ» ማለት ግምት ነው። በሳይንስ ግን ንድፈ ሐሳብ የሚባለው ብዙ የተረጋገጡ ነገሮችን አንድ ላይ አስሮ የሚያስረዳና ስሕተት ከሆነ ሊጋለጥ የሚችል ማብራሪያ ነው። በሽታ በተሕዋስያን ይመጣል የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ክትባት የምናስከትበው በእርሱ ተማምነን ነው። ዝግመተ ለውጥም የሚጋለጥበት መንገድ አለው፦ የጥንቸል አጥንት ዓሣ ገና ከመታየቱ በፊት በተነጠፈ ድንጋይ ውስጥ ቢገኝ መሠረቱ ይናጋል። እስካሁን አልተገኘም።

ዳርዊን ሲሞት ሐሳቡን ክዷል የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ዳርዊን የሞተው በ1882 ነው። ወሬው በአሜሪካ ጋዜጣ የወጣው በ1915 ሲሆን፣ በሚሞትበት ጊዜ አልጋው አጠገብ የነበረችው ልጁ በ1922 በጽሑፍ አስተባብላዋለች። ክዶ ቢሆንም እንኳ ማስረጃው በአንድ ሰው ቃል ላይ አልቆመም። ይህን ወሬ ለሃይማኖት ጥብቅና ብለው የሚያሰራጩ ሰዎች፣ ወጣቱ ሐሰትነቱን ያወቀ ዕለት ሌላውንም ቃላቸውን እንዲጠራጠር ያደርጉታል።

በዓይናችን የምናየው ማስረጃ አለ? እኛ አካባቢስ?

አለ፤ ዋጋ የሚያስከፍልም ነው። በመጀመሪያ ስንዴን እንይ። በ2010 ኢትዮጵያ ውስጥ ቢጫ ዋግ ተነሥቶ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ ዝርያ መታ። ኩብሳ ዋጉን ይቋቋም የነበረበት ዘረ መል ነበረው፤ ዋጉ ግን ያንን መከላከያ የሚያልፍ ዓይነት አበቅሎ ነበር። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲጋሉ ዞረ። በ2013 ደግሞ በባሌ በኩል አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ተነሥቶ ዲጋሉን አጠፋ። ሰፊ አገር በአንድ ዝርያ ሲሸፈን፣ ያንን ዝርያ መስበር የቻለ አንድ የዋግ ዓይነት ሁሉንም ይወርሳል። ለዚህ ነው በአንድ ቀበሌ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዝርያ መዝራት የሚመከረው። ሌላው የአገራችን እህል ለዓለም የሰጠው ነገር ደግሞ አለ፦ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የገብስ ዘር የተገኘ ዘረ መል ዛሬ የአውሮፓን ገብስ ከአመዳይ መሰል የቅጠል በሽታ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ወባ ነው፤ ሸዋ ሮቢትና ቆላው ያውቀዋል። ክሎሮኪን አልሠራ ሲል በ1998 በፋንሲዳር ተተካ፤ እርሱም ሲዳከም በ2004 ኮአርተም መጣ። መድኃኒቱ አላረጀም። በመድኃኒቱ ያልሞተው ተሕዋስ ተራብቶ ቦታውን ያዘ። አሁን ደግሞ በኢትዮጵያ የተረጋገጠ ሌላ ነገር አለ፦ ፈጣኑ የጣት ደም ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል የጠፋበት የወባ ተሕዋስ። እንዲህ ያለ ተሕዋስ የያዘው ሰው ተመርምሮ «ነጻ ነህ» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ቆላ ውሎ የመጣ ሰው ትኩሳቱ ካልለቀቀው፣ ፈጣኑ ምርመራ ምንም አላሳየም ብሎ መተው የለበትም፤ በማይክሮስኮፕ እንዲታይለት ይጠይቅ። ኮአርተሙንም ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ቢለቅም እስከ ሦስተኛው ቀን መጨረስ አለበት፤ ተጀምሮ የተተወ መድኃኒት ጠንካራውን ተሕዋስ መርጦ ያስቀራል።

ሦስተኛው የመንዝ በግ ነው። በመንጋው ውስጥ ፈጥኖ የሚያድገው ጠቦት ቀድሞ ለፋሲካ ገበያ ይደርሳል፣ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፣ ይሸጣል። የቀረው ቀጫጫው ነው፤ ዘር የሚተካውም እርሱ ይሆናል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ባለቤቱ ሳያስበው ትንንሽ በግ እየመረጠ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ከተመሳሳይ ወቅት ልደት ሁለት ምርጥ ጠቦቶችን ዓመት እስኪሞላቸው አለመሸጥ፣ መዝኖ የከበደውን ለአውራነት ማስቀረት፣ ሌሎቹን መቀጥቀጥ ወይም መሸጥ፣ አውራውንም ገና የራሱ ሴት ልጆች ለርቢ ሳይደርሱ ከጎረቤት መንጋ ጋር መቀያየር ነው።

ሰውስ አሁንም እየተለወጠ ነው?

ነው። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው ወደ ሰባ በመቶ ገደማ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው ደጋ ላይ ሲከርም ደሙ ይወፍራል፣ ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ይጨምራል። በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ሲመረምር ግን ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አገኘ። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች በዚያው ከፍታ የሚኖሩት ደማቸው ወፍሯል፤ የቲቤቶቹ ደግሞ በሌላ መንገድ ተላምደዋል። አንድ ችግር በሦስት ቦታ በሦስት መንገድ ተፈታ። ወተትም እንደዚሁ ነው፦ አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ጡት ከተወ በኋላ የወተትን ስኳር መፍጨት ይተዋል፤ በኢትዮጵያ ከብት አርቢዎች ውስጥ ይህን ችሎታ እስከ እርጅና የሚያቆዩ የዘረ መል ለውጦች ተገኝተዋል፣ ከአውሮፓውያኑም የተለዩ ናቸው።

የድንቅነሽ ዕድሜ እንዴት ታወቀ? ካርቦን ይሳሳታል ይባላል።

ድንቅነሽ በካርቦን አልተለካችም። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ50,000 ዓመት በላይ ለሆነ ነገር አይጠቅምም፤ ለሚሊዮን ዓመታት ሲውል ይሳሳታል የሚለው ነቀፋ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ለዚያ የሚጠቀምበት ተመራማሪ የለም። በ1974 ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የተለካችው አጠገቧ ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ያሉ ክሪስታሎች ፖታሲየም 40 ይይዛሉ። እርሱም በ1.25 ቢሊዮን ዓመት በግማሽ እየቀነሰ በከፊል ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ዐለቱ ቀልጦ ሳለ የነበረው ጋዝ ያመልጣል፤ ከበረደ በኋላ የሚፈጠረው ክሪስታሉ ውስጥ ይታሰራል። ክሪስታሉን በሌዘር አቅልጦ ጋዙን መለካት የአመዱን ዕድሜ ይሰጣል። የድንቅነሽ አመድ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ወጣለት።

ስሕተት የሚገባው ጎርፍ ያመጣው የቆየ ክሪስታል ከአመዱ ጋር ሲቀላቀል ነው። ለዚህ ሲባል ብዙ ክሪስታሎች አንድ በአንድ ይለካሉ፤ ከሌሎቹ የራቀው ይለያል። ከአንኮበር ቁልቁል የሚታየው የአፋር ዝቅተኛ ምድር ይህን ዓይነት አመድ በንብርብር ይዟል፤ በአፋር ቅሪተ አካላቸው የተገኘው 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናት አርዲም፣ 160,000 ዓመት የሆናቸው የሄርቶ ሰዎችም የተለኩት በዚሁ ነው። ለደብረ ብርሃን ሰው የሚቀርበው ደግሞ የሙሽ ሸለቆ ነው፦ 21.7 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የጥንት ሐይቅ ጭቃ የዛፍ ቅጠሎችን ከነደም ሥራቸው ጠብቋል። ዛሬ ገብስ በሚዘራበት ደጋ ያን ጊዜ ደን ነበር።

በጀማ ሸለቆ የሚገኘው የባሕር ዛጎል የኖኅ ጥፋት ውሃ ማስረጃ ነው?

ዛጎሉ እውነት ነው፤ ባሕር እዚያ ነበር። ወደ ጀማና ወደ ዐባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ አሸዋማ ድንጋይ፣ ከዚያ ዛጎል ያለበትን የኖራ ድንጋይ ያገኛል። የኖራ ድንጋዩ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ውፍረት አለው፤ የተሠራውም ከባሕር እንስሳት ቅርፊት ሲሆን እንስሳቱ ተወልደው፣ አድገው፣ ሞተው፣ ተደራርበው ነው። ከሥሩ ደግሞ ባሕር ሲተን የሚቀር ጂፕሰም አለ። ለአንድ ዓመት ያጥለቀለቀ ውሃ በአንድ ቦታ ደርቆ ጂፕሰም አንጥፎ፣ እንደገና ሞልቶ ትውልድ በትውልድ ላይ ዛጎል ሊያሳድግ አይችልም። ባሕሩ የነበረው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ነው፤ የላዩ ጥቁር ድንጋይ ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋል። በኖኅ ታሪክ ማመን በዚህ ዛጎል ላይ መመሥረት የለበትም፤ ዛጎሉ ያንን ሸክም አይችልም።

ቤተ ክርስቲያን 7,518 ዓመት ትላለች። ሚሊዮኑ ከዚህ ጋር እንዴት ይሄዳል?

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቀድማል። ከፍጥረት እስከ ልደተ ክርስቶስ 5,500 ዓመት ተብሎ ይቆጠራል፤ በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ሲደመር 2018 ዓ.ም. 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። 5,500 የሚለውን መምህራን የሚያያይዙት ለአዳም ከተሰጠው «በአምስት ቀን ተኩል አድንሃለሁ» ከሚለው ተስፋ ጋር ነው፤ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ። በትውፊታችን ውስጥ ራሱ «ቀን» ከሃያ አራት ሰዓት በላይ ሆኖ የተተረጎመበት ቦታ እንዳለ ልብ ይሏል። ይህ ግን ወደ ሚሊዮን አያደርስም፤ ያደርሳል ብሎ ማስመሰል ተገቢ አይሆንም።

ባሕረ ሐሳብ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ቁጥሩን የሚጠቀምበት ለጾምና ለበዓል ነው። 7518 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13 ነው፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው 18 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ። ስሌቱ የቆመው በቀሪው ላይ ስለሆነ ዓለም የቱንም ያህል ብታረጅ ፋሲካ ቀኑን አይስትም። ስለዚህ የሐዳር አመድ ዕድሜ ባሕረ ሐሳብን አያፈርስም። የሚጋጨው ቁጥሩን የዓለም የልደት ወረቀት አድርጎ ከሚወስደው ንባብ ጋር ነው፤ ያም ንባብ በብዙ መምህራን ዘንድ የተያዘ መሆኑን መካድ አያስፈልግም።

አማኝ ሆኖ ዝግመተ ለውጥን መቀበል ይቻላል?

የተቀበሉ አማኞች አሉ። የዘር ውርስ ሕግን ያገኘው ግሬጎር ሜንዴል መነኩሴ ነበር። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዝግመተ ለውጥን ሳይንስ ካቆሙት አንዱ ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን ነበር። የሰውን ሙሉ ዘረ መል ያነበበውን ፕሮጀክት የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስ ወንጌላዊ አማኝ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1950 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 12ኛ በኩል የሰው ሥጋ ከቀደመ ሕያው ነገር መምጣቱን መመርመር እንደሚቻል ፈቀደች፤ ነፍስ ግን በቀጥታ ከእግዚአብሔር ናት አለች።

በእኛ ዘንድ የሥነ ፍጥረት ትምህርት 22ቱን ፍጥረታት በስድስት ቀን ይደለድላል፦ እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4። መምህሩ ይህን ሲያስተምር የፍጥረትን ሥርዓት፣ የፈጣሪን ቸርነትና የሰውን ክብር እያስተማረ ነው። የባዮሎጂ መጽሐፉ የሚያስተምረው ደግሞ አካል እንዴትና በምን ያህል ጊዜ እንደተለወጠ ነው። ሁለቱ በብዙ ቦታ ይተላለፋሉ፣ በአንዳንድ ቦታ ግን ይጋጫሉ፤ የሚጋጩበት በመጨረሻው ጥያቄ ተነሥቷል።

በእስልምና በኩልስ?

ቁርኣን ሰማያትና ምድር በስድስት ቀናት መፈጠራቸውን ይናገራል፤ ስለ ቀን ሲናገር ግን በአንድ ቦታ እንደ ሺህ ዓመት፣ በሌላ ቦታ ልኩ ሃምሳ ሺህ ዓመት እንደሆነ ያነሣል። በዚህ ምክንያት የምድር ዕድሜ በሙስሊሞች ዘንድ ብዙ ጭቅጭቅ አያስነሣም። ጭቅጭቁ አደም ላይ ነው፤ ያለ አባትና ያለ እናት ከዐፈር መፈጠሩን ጽሑፉ ይናገራል። አንዳንድ ዑለማዎች ዝግመተ ለውጥን ሙሉ በሙሉ አይቀበሉም። ሌሎች በእንስሳትና በዕፅዋት ላይ ተቀብለው አደምን ለይተው ያወጣሉ፣ ጥቂቶች ደግሞ ከዚያም ያልፋሉ።

ትምህርት ቤት ልጄን እምነቱን እንዲተው ያስገድደዋል?

ማስገደድ አይችልም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፣ አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ይጠብቃል፣ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል። ፈተናውም «ታምናለህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ንድፈ ሐሳቡ ምን ይላል?» ይላል። ተማሪዎች ነጥብ የሚያጡት በእምነት ሳይሆን በሦስት ስሕተቶች ነው፦ እንስሳው ስለፈለገ ተለወጠ ማለት፣ አንዱ ግለሰብ በዕድሜው ተለወጠ ማለት፣ ተፈጥሯዊ ምርጫን ጉልበተኛው ያሸንፋል ብሎ መተርጎም። ብዙ ልጅ ማትረፍ ነው እንጂ ጉልበት አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1925 ቴኔሲ ውስጥ ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህር ዝግመተ ለውጥ አስተማርክ ተብሎ 100 ዶላር ተቀጥቶ ነበር፤ ቅጣቱ በኋላ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ተነሣ፣ ሕጉ ግን እስከ 1967 ቆየ። በ2005 ደግሞ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የ«ብልህ ንድፍ» ትምህርት (ሕይወት ያለ አሳቢ ነዳፊ ሊገኝ አይችልም የሚለው) ሃይማኖት እንጂ ሳይንስ አይደለም ተብሎ ተፈረደ። ዛሬ በአማርኛ ተተርጉመው በስልክ የሚዞሩት ክርክሮች አብዛኞቹ ከዚያ ሙግት የመጡ ናቸው፤ ከአክሲማሮስ (ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት ከሚናገረው መጽሐፍ) እና ከአንድምታ (ከመጻሕፍት ትርጓሜ) የወጡ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ፣ አይደሉም።

መምህሩ ያለ ጭቅጭቅ በተግባር ማሳየት የሚችለው ነገር አለ?

የገብስ ሙከራው ከሁሉ ይሻላል። ከአንድ ማሳ፣ ከዳር ቢያንስ 2 ሜትር ገባ ብሎ፣ 30 ዛላ ሳይመርጡ መቁረጥ። የእያንዳንዱን ርዝመት ፂሙን ሳይጨምሩ መለካት፣ ፍሬውን መቁጠር፣ በሠንጠረዥ መጻፍ። ከዚያ የ5 ረጃጅም ዛላዎችን ዘር በአንድ መስመር፣ በዕጣ የወጡ የ5 ዛላዎችን ዘር በሌላ መስመር፣ በመስመሮቹ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ትቶ በእኩል ቁጥር መዝራት። በአጨዳ ጊዜ ያንኑ ልኬት መድገምና አማካዩን ማወዳደር።

ሙከራው የሚበላሸው በብዛት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የዳር ተክል ነው፤ ብርሃንና ፍግ ስላገኘ ይረዝማል፣ ርዝመቱ ግን ወደ ዘሩ አይተላለፍም። ሁለተኛው ዘሩ ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት ሲሆን ነው፤ ከምርምር ማእከል በቅርብ የወጣ ምርጥ ዘር እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል ምርጫው የሚይዘው ልዩነት የለም። ገበሬው በራሱ ጎተራ ያቆየው ድብልቅ ዘር፣ ለምሳሌ ሰነፍ ቆሎ ከሌላው ጋር የተቀላቀለበት፣ ጥሩ ይሆናል። ውጤቱ በአንድ ዓመት ግልጽ ካልሆነ ሁለተኛ ዓመት መድገም ነው።

ዝግመተ ለውጥ ዘረኝነትን ይደግፋል?

ስሙ ለዚህ ውሏል፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። «የብቁዎች መትረፍ» የሚለውን አነጋገር በ1864 የፈጠረው ኸርበርት ስፔንሰር ነው፣ ከእርሱና ከመሰሎቹም የበላይና የበታች ዘር የሚል ስብከት ተስፋፋ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በያዘ ጊዜ በ1937 ባወጣው ሕግ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ኢጣሊያዊ እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ፤ በ1938 ደግሞ በሳይንስ ስም የዘር መግለጫ አወጣ።

ያ ሳይንስ ሐሰት ነበር፤ ያፈረሰውም የዘረ መል ጥናት ነው። የሰው ልጅ የዘረ መል ልዩነት 85 በመቶ ገደማ በየሕዝቡ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል ያለ እንጂ ሕዝብን ከሕዝብ የሚለይ አይደለም። የሁላችንም ዘር አፍሪካ ውስጥ ይገናኛል። ባርነትንም በመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ያስረዱ ሰዎች ነበሩ፤ ጥቅሱ በዚህ አልተፈረደበትም። ዛሬ በብሔር ስም «የእኛ ደም» እያለ የሚሰብክ ሁሉ ከሃይማኖቱም ከሳይንሱም ድጋፍ የለውም።

ሳይንስ እግዚአብሔር የለም ብሎ አረጋግጧል?

አላረጋገጠም፣ ሊያረጋግጥም አይችልም። ሳይንስ የሚመረምረው የሚለካ ነገርን ነው። «ዝግመተ ለውጥ ስላለ ፈጣሪ የለም» የሚል ሳይንቲስት የራሱን ፍልስፍና እየተናገረ ነው። «ፈጣሪ ስላለ ዋግ አይለወጥም» የሚልም ማሳውን ያጣል።

ታዲያ እውነተኛው ግጭት የት ላይ ነው?

አዳም ላይ ነው። በሳይንሱ ቆጠራ የዛሬው የሰው ልጅ የወጣው ከሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን ከብዙ ሺህ ሰዎች ስብስብ ነው፤ የዘረ መል ልዩነታችን ብዛት ተሰልቶ የሚሰጠው ግምት ወደ 10,000 ይጠጋል። «ሳይንስ ሔዋንን አገኘ» የሚለው ዜና ይህን አይቀይረውም። በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰውን ዘረ መል ወደ ኋላ ስንከተለው ከ150,000 እስከ 200,000 ዓመት በፊት ወደኖረች አንዲት ሴት ይደርሳል፤ እርስዋ ግን በዘመንዋ ብቸኛዋ ሴት አልነበረችም። የሌሎቹ የእናት ለእናት መስመር ወንድ ልጆች ብቻ ሲወለዱ ተቋረጠ፣ በሌላ በኩል ግን ዘራቸው በእኛ ውስጥ አለ።

ሁለተኛው ሞት ነው። ሞት በአዳም ኃጢአት ገባ የሚል ትምህርት አለን፤ ቅሪተ አካሉ ግን ሰው ከመኖሩ በሚሊዮን ዓመታት በፊት ሞት እንደነበረ ያሳያል። አማኞች በዚህ ላይ የሚይዙት መንገድ አንድ አይደለም። አንዳንዶች የሰውን ዝግመተ ለውጥ አይቀበሉም፤ ዋጋውም ከላይ የተቆጠረውን ማስረጃ ሁሉ በሌላ መንገድ የማስረዳት ግዴታ ነው። አንዳንዶች የአዳም ሥጋ ከቀደመ ፍጡር፣ ነፍሱ ግን ከእግዚአብሔር እስትንፋስ ናት ይላሉ፤ እነርሱም አብረውት ስለኖሩት ሌሎች ሺህዎች መልስ ይጠየቃሉ። አንዳንዶች በአዳም የገባው ሞት የነፍስ ሞት፣ ከእግዚአብሔር መለየት ነው ይላሉ፤ እነርሱም የሥጋን ሞት ከኃጢአት ጋር ያያያዙትን አባቶች እንዴት እንደሚያነቡ ማሳየት አለባቸው።

ይህ የሚያስጨንቀው ተማሪ የንስሐ አባቱን «ዝግመተ ለውጥ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ «ተወው ልጄ» ከሚል መልስ ብዙም አያልፍም፤ ጥያቄው ሰፊ ነው፣ ካህኑም ባዮሎጂ አልተማሩም ይሆናል። ይልቅ ሦስት ነገር ለይቶ፣ ከተቻለም አንድምታ ወደሚያውቁ መምህር ይዞ ይሂድ፦ «ከምድር ዐፈር አበጀው» የሚለው በአንድምታ በስንት መንገድ ተተርጉሟል? «በበላህ ቀን ትሞታለህ» ከተባለ በኋላ አዳም 930 ዓመት የኖረው እንዴት ነው? እንስሳት ከአዳም በደል በፊት ይሞቱ ነበር ወይ? ሦስቱም በጉባኤ ቤት የተጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው፤ መምህሩ መጽሐፍ ገልጠው ይመልሱለታል።